ጉድጓድ የወረደ ዝም አይበል

ቀይ እስክሪብቶ እጄ ከገባ ምሕረት የለኝም። እኔም አውቀዋለሁ፣ ተማሪዎቼም ያውቁታል። ስሜ ዓለምነህ ይባላል፤ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በነዚህ ዓመታት ተሳስቼ ተማሪን ይቅርታ የጠየቅሁበትን ቀን ፈልጉ ብትሉኝ አታገኙም ነበር።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ያስተማርኩት ቃል «ዲኬይ» ነው። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና «መበስበስ ማለት ነው» አልኩ። ጥርስ ሲቦረቦር በዚህ ቃል ይነገራል፤ ግንድ በዝናብ ሲላሽቅ፣ ሥጋ ሲሸት፣ ሰው ጥሎት የሄደ ቤት ሲፈራርስም ይነገራል። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ የሚለውን ነው ያልኩት። ከዚያ ግን ከራሴ ጨመርኩበት። «የሚበሰብስ ነገር የሞተ ነገር ነው፤ በራሱ ያልቃል እንጂ ማንንም አይነካም» አልኩና እያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርተው እንዲመጡ አዘዝኩ።

አርባ ሁለት ደብተር አረምኩ። ሠላሳ የሚሆኑት «የአያቴ ጥርስ በሰበሰ» ይላሉ፤ ያች አንድ አያት መላውን ክፍል አገልግላለች። የቀሩት ግንድ አበሰበሱ። ትርሲት የምትባለው የቆላ ልጅ ግን በእንግሊዝኛ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ የሚበሰብሰው እህል የአጎቴን ትንፋሽ በላ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ዳር እስከ ዳር በቀይ ሰረዝኩት። ዜሮ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ዜሮው አልበቃኝ ብሎ ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «እህልን ሰው ይበላዋል እንጂ እህል ሰውን በልቶ ያውቃል? እንግዲህ ቤታችሁ ስትገቡ ጎተራው እንዳይነክሳችሁ ተጠንቀቁ!» አልኩ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ትርሲት አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ደብተሯን ከድና መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር፤ እኔም ጎበዝ የቀለድኩ መስሎኝ ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ወንድሜ አያሌው ደወለ። አያሌው ታላቄ ነው፤ ከአርብ ገበያ በላይ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ደጋ ላይ ያባታችንን መሬት ያርሳል። «ነገ ጉድጓዱን እከፍታለሁ» አለኝ። «ነገ ትምህርት አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ» አልኩት። «እኔ ግን ነገ ነው» ብሎ ዘጋው። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ዝምታ ወርቅ ከሆነ የጋይንት ባለጸጋ ወንድሜ ነው እያልኩ እቀልድበታለሁ።

ጉድጓዱ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር አገሩ ሲረበሽና ተኩሱ ሲቀርብ አያሌውና ሚስቱ ውዴ ልጆቹን ይዘው ወደ እስቴ ሊሸሹ ሆነ። ጎተራ ሙሉ ገብስ ጥለው ቢሄዱ የማን እንደሚሆን አይታወቅም። የዘሩን ገብስ፣ ካባታችን የወረስነውን፣ በጓሮ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ደጋ ላይ እህል በጎተራ እንጂ በጉድጓድ አይቀመጥም፤ የጉድጓድ ወግ የቆለኞች ነው። እኛ ሰምተን የምናውቀው መቆፈሩንና መድፈኑን ብቻ ነበር። በሁለት ቀን ተቆፈረ፤ አፉ አንድ ሰው የሚያሾልክ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ቁመቱ ሁለት ሰው። ግድግዳው ሳይደርቅ ጭድ ተነጠፈበት፣ ገብሱ ተገለበጠ፣ በድንጋይና በጭቃ ተዘጋ። እኔም ያን ቀን እዚያው ነበርኩ፤ «እንዲህ ነው ብልኃት!» እያልኩ ጭቃ አቀብያለሁ።

አርብ የገበያ ቀን ነው። ከእረፍት በኋላ ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ ሽንኩርት ልገዛ ወረድኩ። በበርበሬው ተራ ሳልፍ አንዲት ከሲታ ሴት ከመደቧ ብድግ አለችና መንገዴን ዘጋች። ከኋላዋ ትርሲት ቆማለች።

«የእንግሊዝኛው መምህር እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ማሚቴ እባላለሁ፤ የዚህች ልጅ እናት ነኝ። ትናንት ልጄን አሣቁባት አሉ።»

«አረምኳት እንጂ አላሣቅሁባትም» አልኩ። ውሸቴን ነው። «እህል ሰው አይበላም ነው ያልኩት።»

«ወንድሜን በልቶታል» አለች።

ድምፅዋን አላነሳችም፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ። በበሽሎ ቆላ ማሽላቸውን በጉድጓድ ነው የሚያኖሩት። ወንድሟ ታምራት አገር የሚያውቀው ዘፋኝ ነበር። አንድ ዓመት ውሃ ሰርጎ የታችኛው ማሽላቸው በሰበሰ። ታምራት ጉድጓዱ እንደ ተከፈተ ወዲያው እየዘፈነ ወረደ፣ መሐል ላይ ዝም አለ።

«ደክሞት ነው፣ ትንሽ ይረፍ ብለን ተቀመጥን» አለች ማሚቴ። «ቆይተን ስንጠራው መልስ የለም። እሱን ላውጣ ብሎ የገባው አጎታችንም ቀረ። በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ። እርስዎ የበሰበሰ ሲባል የሞተ ይመስልዎታል፤ እህል ሲበሰብስ ይሞቃል፣ ይተነፍሳል፣ እዚያ ያለውን ትንፋሽ ሁሉ ጨርሶ ነው የሚጠብቅዎ። ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ ሳያናፍሱ አይወረድም፣ ያለ ገመድ አይወረድም፣ ጉድጓድ የወረደ ደግሞ ዝም አይበል ተብሏል። ልጄ የጻፈችው ይህን ነው።»

ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ልማድ ክፉ ነው። ከዚያ የአያሌው ድምፅ ትዝ አለኝ። ነገ ጉድጓዱን እከፍታለሁ። ነገ ያለው ዛሬ ነው።

«ወንድሜ…» አልኩ። «ወንድሜ ዛሬ ጉድጓድ ይከፍታል።»

«እህሉ ጉድጓዱ እርጥብ ሳለ ነው የገባው?»

«አዎ፣ እርጥብ ሳለ።»

ማሚቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። «ትርሲት፣ በርበሬውን ያዢ» አለች። «መምህር፣ ምን ይገትርዎታል? ይምሩኝ እንጂ!»

ስልኩን እየደወልኩ ወጣሁ። ጥሪ አይቀበልም አለኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ አይቀበልም። ዳገቱ ላይ አሥራ አራት ዓመት ጠመኔ ይዤ የቆምኩባቸው እግሮቼ ከዱኝ። ማሚቴ በጎማ ጫማዋ ትቀድመኛለች። በእስቴ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። መንገድ ላይ ያገኘናቸው ሰዎች ሁሉ ወደ ገበያ ወራጆች ናቸው። ይህን ጊዜ መንደሩ ባዶ ነው፤ አንድ ነገር ቢሆን የሚደርስ ሰው የለም እያልኩ ነበር የምሮጠው።

እየሄድኩ የማስበው ስለ ዕጣው ነው። ልጆች ሳለን አባታችን «ሁለታችሁንም ማስተማር አልችልም፤ ከብትና እርሻ ሰው ይፈልጋል» አለን። አያሌው ሁለት የገብስ አገዳ በመዳፉ ያዘ፤ ረጅሙን የመዘዘ ይማር ተባለ። እኔ መዘዝኩ፣ ረጅሙ ወጣልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድለኛ ነኝ ስል ኖርኩ። ሰው «እንዴት ተማርክ?» ሲለኝ «ዕጣ ወጣልኝ» እላለሁ፣ እሥቃለሁም። አያሌው አጠገቤ ተቀምጦ ስንት ጊዜ ሰምቶኛል።

ጓሮ ስንደርስ አያሌው በቁምጣ ሆኖ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቷል።

«አያ! እንዳትወርድ!»

ቀና ብሎ አየኝና እግሩን ሳያወጣ ቆየ። ውዴ ስልቻ ይዛ ቆማለች። ስማቸው የሚባለው ጎረቤታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ገበያ ያልወረደ ወንድ እሱ ብቻ ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ሽታ የተረሳ የጠላ ጥንስስ ሽታ ነበር።

ማሚቴ ሰላምታም ሳትሰጥ «ኩራዝ አምጡ» አለች። ውዴ እንግዳዋን እያየች አመጣችላት። ማሚቴ ኩራዙን ለኩሳ በገመድ ወደ ታች ሰደደችው። አንድ ክንድ ያህል እንደ ወረደ ጠፋ። አውጥታ ለኮሰችው፣ ደግማ ሰደደችው፤ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ።

«ንፋስ ነው» አለ ስማቸው።

«ጉድጓድ ውስጥ ምን ንፋስ አለ፣ ወንድሜ?» አለች ማሚቴ። «አሁን ቢወርድ እሱም እንደዚህ ነው።»

ይህን ጊዜ አያሌው እግሩን አወጣ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ የትርሲትን አጎት፣ ሁለቱን ሬሳ። እስኪያልቅ ሰማኝና ወደ ደመናው በአገጩ ጠቆመ።

«ዝናቡ መጣ። ውሃ ከገባ አለቀ። ያባባ ገብስ ነው፣ ሌላ ዘር የለኝም።»

«ዘርስ ከጎረቤት ይገኛል፤ አንተ ከየት ትገኛለህ?» አለች ማሚቴ።

«ይደር» አልኩ እኔ። «በላዩ ሸራ እናልብሰውና ይደር።»

«ውሃው ከላይ አይደለም የሚገባው፤ ከሥር ነው» አለ አያሌው። እውነቱን ነው። መሬቱ ከጠገበ ጉድጓዱ ምንጭ ይሆናል፤ ያን ቀን ጭቃ ሳቀብል ይህን ያሰበ አልነበረም።

ክርክሩን ማሚቴ ለጊዜው አቆመችው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አስቆርጣ በመጫኛ አሠረች፣ እሱን ወደ ጉድጓዱ እየጣልን እየሳብን እንድናናፍስ አደረገች። አንድ ሰዓት ያህል እየተቀያየርን አናፈስን። መዳፌ ተላጠ። ኩራዙ ሳይጠፋ መጀመሪያ እስከ ወገብ ወረደ፣ ቀጥሎ እስከ ሰው ቁመት፣ በመጨረሻ ገብሱ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነበልባሉ አነሰ፣ ግን አልጠፋም። ማሚቴ ራሷን ነቀነቀች። «ገና ነው» አለች። ያኔ የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች።

አያሌው ተነሣ። «አንድ ስልቻ ብቻ» አለ።

«አያ፣ በእናታችን!»

«አንድ ስልቻ፣ ዓለምነህ። ዘሩ እንዳይጠፋ ያህል።»

ያዝኩት፣ አስለቀቀኝ። አርሶ አደር ነው፤ እኔ እስክሪብቶ ያዥ ነኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለ ሲመክረኝ የኖረ ሰው ያን ቀን እሱ ቸኮለ። ማሚቴ ተስፋ ስትቆርጥ መጫኛውን አንሥታ ራሷ አሠረችው። ስማቸው በወገቡ ሊያስር ሲል እጁን መታችው። «በወገብ የታሠረ ሰው ይታጠፋል፤ በብብቱ!» ቋጠሮዋን ሦስት ጊዜ ሞከረች። «አሁን ስማኝ። ስትወርድ ታወራለህ። ከወረድክ በኋላ ታወራለህ። ዝም ካልክ እንጎትትሃለን።»

አያሌው ፊቱ ቀላ። «ምን ላውራ?»

«የፈለግኸውን።»

«ከኔ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ኖሮ አላወራም፤ ዛሬ ሊያወራ ነው?» አለች ውዴ። ልትሥቅ ብላ ነው፤ የገመዱን ጫፍ ግን ክንዷ ላይ ጠመጠመች።

ወረደ። እኔ፣ ስማቸው፣ ውዴና ማሚቴ ገመዱን ይዘናል። አፉ ጠባብ ስለሆነ የሚታየኝ ጨለማ ብቻ ነው።

«ወረድኩ» አለ ከታች።

«አውራ!» አለች ማሚቴ።

«ይሞቃል።»

«አውራ!»

«ላዩ ሻግቷል። ጥቁር ሆኗል። ሥሩን ልየው።» የሚቆፍርበት ድምፅ ተሰማኝ። ሲቆፍር ከሥር የታፈነውን የብስባሹን ትንፋሽ መልቀቁ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። «ይህም እንደዚያው ነው» አለ።

«ተወውና ውጣ!» አልኩ።

ጥቂት ቆየ። ገመዱ እጄ ውስጥ ራሰ፤ ዝናቡ ይሁን ላቤ አላውቅም።

«አያ፣ አውራ!»

«ምን ልበል… ዓለምነህ።»

«አቤት!»

«ያ ዕጣ… ታስታውሰዋለህ?» ድምፁ ላላ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚወጣው።

«አስታውሳለሁ! አውራ ብቻ!»

«አባባ አንዳችሁ ሲል… ሁለት አገዳ ያዝኩ። አንተ መዘዝክ።»

«አዎ!»

«የቀረውን እሳት ውስጥ ጣልኩት። እንዳታየው ነው። ያ የቀረው አገዳ…»

ጠበቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጠበቅሁ። ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ነበርና መጨረሻውን ልሰማ ጠበቅሁ። ተማሪ መልስ ሲያጣ እንደማደርገው ጆሮዬን አዘንብዬ ቆምኩ።

«ምን ትጠብቃለህ? ጎትት!» ብላ ማሚቴ ጮኸች፤ አንቱታውንም ረሳችው።

ጎተትን። የሕያው ሰው ክብደት አልነበረም፤ ከታች የሚያግዝ እግር የለም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ትከሻው ተቀረቀረ። ስማቸው በሆዱ ተኝቶ የአያሌውን አንድ እጅ ሾለክ አደረገለት፣ እኔና ሁለቱ ሴቶች ወደ ኋላ ወደቅን፣ አያሌው ጭቃው ላይ ወጣ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ የሚያየው ግን የለም። ውዴ ጮኸች። ማሚቴ በጎኑ አስተኛችው፣ አፉን በጣቷ ጠረገች፣ ጀርባውን በመዳፏ መታች፣ በነጠላዋ አራገበችለት። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ምንም። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ «አያ፣ የቀረው አገዳ ምን? አያ፣ ጨርሰው እንጂ!» እያልኩ አለቅስ ነበር።

በመጨረሻ ከጉሮሮው አንድ የሚያንኮራፋ ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ አስመለሰውና ሳለ። በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያ ሳል ደስ ያለኝ ነገር የለም። ዝናቡ ወረደ። ጉድጓዱን የከደነው ሰው አልነበረም፤ ሲመሽ ስማቸው ሄዶ ሲያየው ውሃ ተኝቶበታል አለ። ያባታችን ገብስ እዚያው ቀረ።

ሰኞ ክፍል ገባሁና የትርሲትን ደብተር ጠየቅሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝም ነበርኩ፣ ወረቀትም በእጄ ነበር። «ሐሙስ ዕለት የሣቅሁበት ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው» አልኩ። «ቃሉን ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። የሚበሰብስ ነገር በራሱ አያልቅም፤ አጠገቡ ያለውን ትንፋሽ ይዞ ነው የሚያልቅ። ትርሲት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ተነሥተሽ አንብቢላቸው።»

ትርሲት ተነሥታ አነበበች። የሣቀ አልነበረም። ስትጨርስ ደብተሯን ሳትዘጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«መምህር፣ ወንድምዎ ተረፉ?»

«ተረፈ።»

ተቀመጠችና ያን ጊዜ አለቀሰች። ለሣቃችን ያላለቀሰችው ልጅ ለአጎቷ አለቀሰች፤ እኔም ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ሰኔ ሲገባ ስማቸው ከራሱ ዘር ሁለት ማዳበሪያ ሰጠን። አንድ ቀን ከትምህርት በፊት ወደ እርሻው ወጣሁ። አያሌው ዘሩን እየበተነ ይሄዳል። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሦስት ጊዜ ጠይቄው ሦስቱንም ጊዜ «አላስታውስም» ብሎኛል። ከጎኑ ገብቼ አብሬው መሄድ ጀመርኩ።

«አያ፣ የቀረው አገዳ ምን ነበር?»

ማሳው ጫፍ እስክንደርስ መበተኑን አልተወም። እዚያ ስንደርስ የያዘውን ገብስ በተነና መዳፉን ቁምጣው ላይ ጠረገ።

«እሱም ረጅም ነበር» አለ። «ሁለቱንም እኩል ነው የቆረጥኳቸው።»

እሱ ከቁናው ሌላ እፍኝ ዘገነ።

«በል ውረድ» አለኝ። «ልጆቹ ይጠብቁሃል።»